አንዴ የተጻፈ ቁጥር ይበቃል

በኢትዮ ጅቡቲ የጭነት መስመር ላይ ለምትሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ የወደብ አስተዳደሮች፣ የመርከብ ወኪሎች፣ ባንኮችና የትራንስፖርት ድርጅቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ወደቡን በዲጂታል ቴክኖሎጂ ስለማዘመን



የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ዲክላራሲዮን በካርቦን ወረቀት በሚባዛበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ በጅቡቲና በሞጆ ደረቅ ወደብ መካከል ስመላለስ ጸጉሬ ሸብቷል። ክሬኑ፣ መንገዱ፣ ባቡሩ፣ መጋዘኑ ሲለወጥ አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ግን ስላልተለወጠው ነገር ነው። ለመጻፍ ያስነሣኝም አንድ የኮንቴነር ቁጥር ነው።

ደንበኛዬ የዱቄት ፋብሪካ ያላቸው እናት ናቸው። የወፍጮው ዋና ክፍል ተሰብሮባቸው መለዋወጫ ከውጭ አዘዙ። ዕቃው ገና ባሕር ላይ ሳለ ፋይሉ ሙሉ ነበር። ባንኩ ፈቅዷል፣ ኢንሹራንሱ ተገብቷል፣ ቀረጡ ተሰልቷል። መርከቡ ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ደርሶ ኮንቴነሩ ሲወርድ መኪና ላክን። በሩ ላይ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ኮንቴነር የለም» ተባለ። ኮንቴነሩ ግን አለ፤ ጅቡቲ ያለው ባልደረባችን ከቁልሉ መካከል በዓይኑ አይቶታል። ጠዋት የጀመርነው ፍለጋ ማታ ላይ ውጤት አመጣ። ከሰነዶቹ በአንዱ ላይ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። 38 መሆን የነበረበት 83 ተብሎ ተጽፏል።

የጻፈውን ልጅ ዐውቀዋለሁ። ትጉህ ነው። ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ወረቀት ሲገለብጥ ይውላል፤ ሁለት አሃዝ ቢያምታታ አልፈርድበትም። የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የማስተካከያ ደብዳቤ ተጠየቅን። ደብዳቤው እውነተኛ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ተጠየቅን። ማረጋገጫው ላይ ያለው ማኅተም አይታይም ተብሎ ዋናው ቅጂ ይምጣ ተባለ። ዋናው ቅጂ በአውቶቡስ ተላከ። በመካከሉ ሁለት ቀን «ሲስተም የለም» ተባለ። 11 ቀን ቆይተን ዕቃውን አወጣን። የእነዚያ ቀናት የኮንቴነር ኪራይና የማከማቻ ክፍያ በዶላር ተቆጠረ። የፋብሪካው ባለቤት ማታ ማታ እየደወሉ «ልጄ፣ ሰነዱ ሙሉ ነው ብለኸኝ አልነበረም ወይ?» ይሉኛል። ሙሉ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ግራ ገባኝ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ኮንቴነር አጠገብ ስትቆሙ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ አለው፤ የመጨረሻው አሃዝ ብዙ ጊዜ በትንሽ ሳጥን ተከብቦ ይጻፋል። ያ አሃዝ ጠባቂ ነው። ኢሶ 6346 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ከፊቱ ካሉት ፊደላትና አሃዞች ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ለማስተማሪያ የተለመደውን ምሳሌ እንውሰድ፤ ሲ፣ ኤስ፣ ኪው፣ ዩ የሚሉት ፊደላትና 305438 የሚለው ቁጥር። ፊደላቱ ዋጋ አላቸው፦ ሲ 13፣ ኤስ 30፣ ኪው 28፣ ዩ 32 ነው። የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ4፣ እንዲህ በእጥፍ በእጥፍ እየጨመርን የመጨረሻውን በ512 እናበዛለን። ሁሉም ሲደመር 6185 ይመጣል። ለ11 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚጻፈውም 3 ነው። አሁን እንደ እኛው ኮንቴነር 38ን ወደ 83 ገልብጡት። ድምሩ 4905 ይሆናል፣ ለ11 ሲካፈል 10 ይተርፋል፣ ከ3 ጋር አይገጥምም። ስሕተቱ እዚያው ተያዘ።

ይህን ስሌት በጣም ርካሹ ስልክ እንኳ በቅጽበት ይሠራዋል። ታዲያ የእኛ ስሕተት በስንት ሰው እጅ ሲያልፍ ለምን አልተያዘም? ሰነዱ ከወረቀት ላይ በስካነር ተነሥቶ በኢሜይል የተላከ ምስል ስለነበር ነው። ምስል አይሰላም። ወረቀትን ፎቶ አንሥተን ስንልክ ዲጂታል ሆንን እንላለን፤ በእኔ እምነት ትልቁ መሳሳታችን እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ መልኩን ቀይሮ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ እንጂ ሥራው ያው ነው። ሌላኛው ወገን ምስሉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ አንብቦ፣ እንደገና በጣቱ ይጽፈዋል።

ያን ሰሞን ፋይሉን ዘርግቼ ቆጠርኩ። የዚያ ኮንቴነር ቁጥር በፓኪንግ ሊስቱ፣ በቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ በማኒፌስቱ፣ በዲክላራሲዮኑ፣ በትራንዚት ሰነዱ፣ በዴሊቨሪ ኦርደሩ፣ በመኪናው የጭነት ሰነድና በደረቅ ወደቡ መቀበያ ላይ ተጽፏል። ስምንት ቦታ፣ በስምንት ሰው ጣት። የአስመጪው ስም ደግሞ ከቁጥሩም ይብሳል። ገብረእግዚአብሔር የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንቱ ሰው ስንት ዓይነት እንደሚጽፈው እናንተም ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ላይ እንደ እንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ጅቡቲ ላይ እንደ ፈረንሳይኛ። በአንድ ፊደል ልዩነት «ይህ ሌላ ሰው ነው» ተብሎ የታገደ ዕቃ በእጄ አልፏል። አስመጪው ግን 10 አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥር በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም አንድ ነው። ሰውየውን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ብንፈልገው ግማሹ ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

የተሠራውን አልክድም። በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብ በር ተዘግቶብን ጭነታችን ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲገለበጥ ዐውቃለሁ፤ ዛሬ ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በዚያ በር ያልፋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የዶራሌ ኮንቴነር ተርሚናል ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመረቀ። በ2010 ዓ.ም የኤሌክትሪክ ባቡሩ መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ጅቡቲ የጉምሩክ ሥራዋን አሲኩዳ ወርልድ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ታካሂዳለች፤ የወደቡን ተጠቃሚዎች የሚያገናኝ የወደብ ማኅበረሰብ ሥርዓትም ዘርግታለች። በእኛ በኩል በ2012 ዓ.ም የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ተጀምሮ ከየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስንሰለፍበት የነበረው ፈቃድ በአንድ ቦታ እንዲጠየቅ ሆነ። ይህን ለሠሩ ሰዎች ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ በየቢሮው ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ የኖርን ሰዎች ለውጡን እናውቀዋለን።

የቀረው ከግቢ ግቢ የሚያሻግረው ድልድይ ነው። እያንዳንዱ ቤት በውስጡ ኮምፒውተር አለው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መረጃውን የሚያሻግረው ግን አሁንም የእኔ ቦርሳ ነው። እኔ በእግሬ የማገናኛቸው ሁለት ማሽኖች ለምን ራሳቸው አይነጋገሩም? መርከቡ ገና ሳይደርስ ማኒፌስቱ፣ ማለትም የጭነቱ ዝርዝር፣ ወደ ወደቡ ይላካል። ያው መረጃ በዚያው ሰዓት፣ ሰው ሳይነካው፣ ወደ ኢትዮጵያ ጉምሩክና ወደ ደረቅ ወደቡ ቢሻገር የእኛ ሥራ መገልበጥ መሆኑ ቀርቶ ማመሳከር ይሆናል። ልዩነት ካለ መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ ይታወቃል። ባሕር ላይ የሚታረም ስሕተት ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ የለበትም።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። ሲንጋፖር የወደብ ተጠቃሚዎቿን የሚያገናኘውን ፖርትኔት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የንግድ ፈቃዶችን በአንድ የኤሌክትሮኒክ ቅጽ የሚያስተናግደው ትሬድኔት ደግሞ በ1989 ሥራ ጀመረ። ያኔ ኢንተርኔት ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። በቴሌፎን መስመር በተገናኙ፣ ዛሬ ሕፃን ልጅ ከሚጫወትበት ስልክ ባነሱ ኮምፒውተሮች፣ ቀናት ይፈጅ የነበረውን ፈቃድ ወደ ደቂቃዎች አወረዱት። ከማሽኑ በፊት የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ የትኛው መረጃ በማን እንደሚጻፍና ሌላው ሁሉ ያንኑ እንደሚቀበል። ሮተርዳምም እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረችውን የመረጃ ሥርዓት በኋላ ከአምስተርዳም ጋር አዋሕዳ ፖርትቤዝ ብላዋለች። ሁለት ተፎካካሪ ወደቦች በአንድ ሥርዓት መጠቀማቸው ለእኛም ለጅቡቲም ትምህርት አለው።

የወደቀውንም ማየት ደግ ነው። ሜርስክ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ትሬድሌንስ የሚባል የመላው ዓለምን የጭነት ሰነድ በአንድ ላይ የሚይዝ ሥርዓት አስተዋወቀ። ቴክኖሎጂው ብሎክቼይን ነበር፤ በጊዜው ከእሱ የላቀ የለም ይባል ነበር። በ2022 መጨረሻ መዘጋቱ ተነገረ። ብዙዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ቀላል ነው፤ ተፎካካሪ ነጋዴ ሚስጥሩን ተፎካካሪው ቤት ማስቀመጥ አይወድም። ስለዚህ በእኛ መስመር የሚሠራው ድልድይ የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ አገር ንብረት እንዳይመስል አደራ እላለሁ። ማን ምን እንደሚያይ፣ ማን ምን እንደማያይ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ይጻፍ። የአስመጪው ዋጋ የሌላው አስመጪ ወሬ መሆን የለበትም።

ሕግ የለም የሚለው መልስም አሁን አይሠራም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጡ ቆይተዋል። ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ያለበትን ሰነድ አምጥቼ «እርጥብ ማኅተም የታለ?» ስባል አዋጁን አትሜ በቦርሳዬ መያዝ ጀምሬያለሁ። አዋጁን መስኮት ላይ ላለችው ሠራተኛ ያስተማራት አለቃ የለም፤ እሷ ላይ መፍረድ አይገባም። ኃላፊዋ አንድ ገጽ መመሪያ ይጻፍላት፣ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ያለበትን ሰነድ ስትቀበል እንደማትጠየቅ ይነገራት። ማኅተም የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከፍርሃት ነው።

አሁን ስለ ሹፌሮቻችን ልናገር። ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ፒኬ 12 የሚባለውን ስፍራ ታውቁታላችሁ። በሐሩሩ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሹፌርና ረዳት ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ፤ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ሹፌር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ይዞታል። አውጥቶ ሲያሳየኝ በላብ ርሶ የቁጥሩ ቀለም ተዘርግቷል። «መቼ እንደምጫን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ፣ ሙቀቱን እችለዋለሁ» አለኝ። አራተኛ ቀኑ ነበር።

እኔ ከክሬንና ከካሜራ ሁሉ ለሹፌሩ ቀጠሮ መስጠትን አስቀድማለሁ። በሌሎች ታላላቅ ወደቦች የመኪና ቀጠሮ የተለመደ ነው፤ ሹፌሩ የሚገባበት ሰዓት ተቆርጦ ይነገረዋል፣ ወደቡም ማን መቼ እንደሚመጣ ዐውቆ ኮንቴነሩን ከቁልሉ ሥር ቀድሞ ያወጣዋል። ሥርዓቱ ሲሠራ ግን ለእኛ ሹፌር ይሠራ። ብዙዎቹ የያዙት ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው። ድንበር ሲሻገሩ ሲም ይቀይራሉ። ስለዚህ መተግበሪያ አውርዱ ከማለት በፊት አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክላቸው፣ በሁለቱም አገር ሲም የሚደርስ። በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ ይሁን። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በር 2» የሚል አንድ መስመር ያንን ሽማግሌ ወደ ቤቱ ደውሎ ቁርጡን እንዲናገር ያስችለዋል። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በጅቡቲ በግልጽ ይጻፍ፤ በስድስት ሰዓት ልዩነት ቀጠሮ ያለፈበት ሰው አውቃለሁ።

ስለ አደጋውም ዝም ማለት አልችልም። ሁሉን በኮምፒውተር ያደረገ ወደብ ኮምፒውተሩ ሲታመም አብሮ ይተኛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ የኮምፒውተር ጥቃት ከዓለም የኮንቴነር ጭነት አንድ አምስተኛ ያህሉን ይዞ የነበረውን ሜርስክን መታ። በየአገሩ የወደብ በሮች ተዘጉ፣ መኪኖች ተሰለፉ። ኩባንያው ወደ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። የኔትወርኩን የተጠቃሚዎች መዝገብ የሚይዙት ሰርቨሮች ሁሉ ጠፍተው አንድ ብቻ ተረፈ፤ እሱም ጋና ውስጥ ነበር። የተረፈው በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ውጭ ስለነበረ ነው። የዚያ ሰርቨር ዲስክ በሰው እጅ ተይዞ፣ በናይጄሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ወደ እንግሊዝ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ደግሞ የጃፓኑ ናጎያ ወደብ የኮንቴነር ሥራ በተመሳሳይ ጥቃት ከሁለት ቀን በላይ ቆሟል። ናጎያ የቶዮታ መኪኖች የሚወጡበት፣ በጭነት ብዛት የጃፓን ትልቁ ወደብ ነው።

ሜርስክን መብራት መጥፋቱ አዳነው፤ እኛ ግን በዕድል መታመን የለብንም። ከዋናው ተለይቶ የሚቀመጥ ቅጂ፣ በየጊዜው የሚሞከር፣ ይኑር። ኔትወርክ ሲቋረጥ በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ምን እንደሚያደርግ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ባለፉት 12 ሰዓታት የተፈቀዱ ኮንቴነሮች ዝርዝር በየተርሚናሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጥ፣ መስመር ቢጠፋም የተፈቀደለት ይውጣ። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ለሠራተኛው ማብቂያ ነው፤ ለሹፌሩ ሌላ ሌሊት ነው፤ ለአስመጪው ዶላር ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ደብዳቤ አንብበው «እንጀራችንን ልታሳጣን ነው?» እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። ስጋታቸው የእኔም ስጋት ነው። በየቢሮው ፋይል ይዞ የሚሮጠው ወጣት ሥራው ይቀንሳል፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ግን የእኛ ሙያ ሩጫ አይደለም። አንድ ማሽን በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንደሚመደብ፣ ቀረጡ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ዕቃ ልዩ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ማወቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ለዚያ ነው ደንበኛ ወደ እኛ የሚመጣው። ሥርዓቱ ሲዘረጋ ከእኛ ማኅበራት ጋር ተቀምጣችሁ ተማከሩ፣ ወጣቶቹን ቀድማችሁ አሠልጥኑ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛም፣ የሚገለብጠው ትጉህ ልጅም፣ ከመገልበጥ ወደ መመርመር እንዲሸጋገሩ ዕድል ይሰጣቸው። ሥርዓቱ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ተሠርቶ ሲመጣ ጎን ለጎን የወረቀት መዝገብ ይከፈትና ሥራው እጥፍ ይሆንብናል፤ ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሶብናል።

ልመናዬ አጭር ነው። የኮንቴነር ቁጥር አንዴ ይጻፍ፣ መጀመሪያ በጻፈው ሰው፤ ሌላው ሁሉ ይቀበለው። ቁጥሩን የሚቀበል ቅጽ ሁሉ የጥበቃ አሃዙን አስልቶ የማይገጥመውን እዚያው ይመልስ። ይህን ስሌት ቅጹ ላይ ለመጨመር አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ፕሮግራመር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። አስመጪው በስሙ ፊደል ሳይሆን በግብር ከፋይ ቁጥሩ ይታወቅ። ሹፌሩ ቀጠሮ ይነገረው። በየወሩ ደግሞ ኮንቴነር ከመርከብ ወርዶ ከወደቡ በር እስኪወጣ፣ ከዚያም ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደፈጀ በሁለቱም አገር ለሕዝብ ይነገር። ቁጥሩ ቢያሳፍርም ይነገር፤ የሚነገር ቁጥር ይሻሻላል።

የዱቄት ፋብሪካው አሁን ሥራ ጀምሯል። የደንበኛዬ ሁለተኛ ኮንቴነር በዚህ ሳምንት ከወደብ ተነሥቶ ባሕር ላይ ነው። ቁጥሩ እስካሁን በተዘጋጁት ሰነዶች ሁሉ ላይ አንድ መሆኑን ትናንት ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ በእርሳስ እያሰላሁ አረጋግጫለሁ። እባካችሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው የጉምሩክ አስተላላፊ ይህን በእርሳስ እንዳይሠራ አድርጉለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ
ሞጆ